የጋሽ ጓጉንቸር ሣጥን

የሰፈራችንን ቁልፍ ሠሪ በትክክለኛ ስማቸው የሚጠራቸው ሰው የለም፤ ጋሽ ጓጉንቸር ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሥራቸው ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ጠባያቸውም አግዟል። ቤታቸው ውስጥ ያልተቆለፈ ነገር ማግኘት ዘበት ነው። ቁም ሣጥኑ ጓጉንቸር አለው፣ ስኳር የተቀመጠበት መደርደሪያ ጓጉንቸር አለው፣ የግቢው ቧንቧ ሳይቀር ጓጉንቸር አለው። ባለቤታቸው ሻይ ባፈሉ ቁጥር «እስቲ ስኳሩን ፍታልን» ብሎ መለመን ሲሰለቻቸው ያለ ስኳር መጠጣት ለመዱ። ጋሽ ጓጉንቸር ታዲያ «ለጤናም ጥሩ ነው» ይላሉ፣ ያውም ሳያፍሩ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው ቁልፍ ሲሞርዱ፣ አንዲት ወጣት ቁና ቁና እየተነፈሰች መጣች። እጅጌዋን ጠመኔ ነክቶታል። መዳፏ ላይ የተሰበረ ቁልፍ ይዛለች።

«ጋሼ፣ ግማሹ በሩ ውስጥ ቀረብኝ። የማርመው የፈተና ወረቀት ሁሉ ያለው ቤት ውስጥ ነው።»

«በጉልበት አዙረሽው ነዋ!» አሉ መሣሪያቸውን እየሰበሰቡ። «በይ ምሪኝ።»

ቤቷ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጋሽ ጓጉንቸር በሩ ሥር ተንበርክከው በቀጭን ሽቦ መጎርጎር ጀመሩ። እጃቸው ሲሠራ አፋቸው ዝም አይልምና ሥራዋን ጠየቋት። አስተማሪ ናት። የት? ከመንገዱ ማዶ ካለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ዘጠነኛ ክፍል።

«የኔም ልጅ እኮ እዚያው ናት! ዘጠነኛ ክፍል፣ የቁልፍ ሠሪው ልጅ።»

«የእርስዎ ልጅ ናት? የክፍል ኃላፊዋ እኮ እኔ ነኝ!»

ጋሽ ጓጉንቸር ደንገጥ ብለው ለመነሳት ሞከሩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህርት፣ አላወቅሁዎትም።»

«ኧረ በሞቴ ጋሼ! አንቺ ይበሉኝ። ደግሞ ከሥራዎ አይነሱብኝ።»

«እሺ፣ አንቺ ካልሽ አንቺ። ካገኘሁሽ አይቀር ግን አንድ ወቀሳ አለኝ። ልጆቻችንን በስልክ ያበላሻችኋቸው እናንተ አስተማሪዎች ናችሁ! የቤት ሥራው በስልክ፣ ማስታወቂያው በስልክ። ልጄ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ ስልኳ ላይ እንደተደፋች ይነጋ ነበር። ጠዋት ዓይኗ በርበሬ መስሎ ትሄዳለች፣ ውጤቷ ቁልቁል። በኋላ ቆረጥኩ። ስልኩን ብረት ሣጥን ውስጥ ከተትኩት፣ በገዛ እጄ የሠራሁትን ጓጉንቸር አንጠለጠልኩበት፤ ቁልፉ ይኸው!» አሉና ከሸሚዛቸው ሥር በክር የታሰረ ቁልፍ አውጥተው አሳዩዋት።

መምህርቷ ፊት ላይ አንድ ነገር ውልብ ብሎ ጠፋ።

«በእንቅልፉ ነገር እውነትዎን ነው» አለች ቀስ ብላ። «ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፉት ብዙዎቹ በዚሁ ምክንያት ነው። ግን ጋሼ፣ ሣጥኑን ብትከፍተውስ?»

«የኔን ጓጉንቸር?» ከት ብለው ሳቁ። «አይ አንቺ! ያንን ያለ ቁልፍ የሚከፍት ወይ እኔ ነኝ፣ ወይ ደግሞ እኔ ያስተማርኩት ሰው...»

ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ።

ያስተማሩት ሰው አንድ ብቻ ነው። ባለፈው የትምህርት ቤት ዕረፍት አጠገባቸው ቁጭ ብላ ሽቦ ስታጥፍ፣ ጆሮዋን ጓጉንቸር ላይ ለጥፋ ስታዳምጥ የከረመችው፣ «እጇ ቁርጥ የኔ ነው» እያሉ ለደንበኛ ሁሉ ያወሩላት የገዛ ልጃቸው። ቀና ብለው መምህርቷን አዩ። መሬት መሬት ታያለች።

«ታውቂ ነበር?»

«የሣጥኑን ነገር አሁን ከእርስዎ ሰማሁ። የቤት ሥራዋን ግን ማታ ማታ በስልክ ትልክልኛለች።»

የጋሽ ጓጉንቸር ደም ፈላ። ሽቦውን ወርውረው ተነሡ። «ዛሬ በመዶሻ ነው የማደቀው! የሰጠኋትን ሙያ እኔው ላይ!»

«ጋሼ፣ በሩስ?» አለች መምህርቷ።

አቤት፣ ሙያ ክፉ ነው! የጀመሩትን በር ሳይከፍቱ ጥሎ መሄድ በዕድሜያቸው አያውቁም። እየተነጫነጩ ተመልሰው ተንበረከኩ። ደግ አደረጉ፤ ያቺ ግትር በር ቶሎ ብትከፈት ኖሮ የሚመጣውን ነገር ማሰብ ያስፈራል።

«መዶሻውን ከማንሳትዎ በፊት ጆሮዎን ይስጡኝ» አለች መምህርቷ፣ ደረጃው ላይ አጠገባቸው ተቀምጣ። «ልጅዎ ከሰሞኑ ደስ አላለችኝም። አንገቷን ደፍታ ትውላለች፣ ስጠራት ትደነግጣለች። ምን ሆንሽ ብላት ምንም ትላለች። የሆነ ነገር አለ።»

«የሰረቀ ሰው ይደነግጣል፣ ሌላ ምን ይኖራል!»

«ሊሆን ይችላል። ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በስልኩ አንድ ክፉ ሰው ቢመጣባት ለማን ትናገራለች?»

«ለእኔ ነዋ! አባቷ አይደለሁም?»

«ምን ብላ? ‹አባዬ፣ ሣጥን ውስጥ ባለው ስልክ ሰው አስፈራራኝ› ብላ?»

ጋሽ ጓጉንቸር ሽቦውን እንደገና ቀዳዳው ውስጥ ሰደዱት።

«በር ላይ የሚቆልፉት ሌባ እንዳይገባ ነው» ቀጠለች። «ሣጥኑ ግን ክፉ ሰው እንዳይገባ አልከለከለም፤ የልጅዎ ጭንቀት ወደ እርስዎ እንዳይመጣ ከለከለ እንጂ። ትምህርት ቤት በየዓመቱ የማየው ይኼንኑ ነው። ልጆቹ የሚሰደቡበትን፣ የሚታለሉበትን አምጥተው የማይናገሩት ክፋቱን ስለማያውቁ አይደለም። መጀመሪያ የሚቀማው ስልካቸው እንደሆነ ስለሚያውቁ ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ እንደ ልቧ ልልቀቃት?»

«የለም፣ ሥርዓት ይበጅለት። ዛሬ ግን ከመጠየቅዎ በፊት ቃል ይግቡላት። ‹ምንም ብትነግሪኝ ስልኩን አልወስድብሽም› ይበሏት። ከዚያ ዝም ብለው ይስሟት።»

«ለጥፋት ሽልማት ማለት ነው እኮ!» ሽንጣቸውን ገትረው ተከራከሩ። «እኔ አባቴን እንዲህ ባደርጋቸው ቆዳዬን ይገፉኝ ነበር።»

«ለአባትዎ የማይነግሯቸው ነገር ነበር?»

«ኧረ ስንቱ!» አሉ ሳያስቡት። በዚያው ቅጽበት ሽቦው የተሰበረውን ቁልፍ ያዘና መዞ አወጣው፤ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ጓጉንቸር መሣሪያቸውን ሰብስበው ሳይሰናበቱ ወረዱ። መንገዱን ሙሉ እየተናደዱ፣ እየተከራከሩ ሄዱ፤ ተከራካሪያቸው አጠገባቸው አለመኖሯ አላገዳቸውም።

ቤት ሲደርሱ ልጅቷ መስኮቱ ጋ ደብተሯን ዘርግታ፣ ሳታነብ ተቀምጣለች። እውነትም ፊቷ ገርጥቷል። ይህን ቀደም ብለው እንዴት አላዩትም? ሳህን የሚያጥቡትን ባለቤታቸውን «ነይ እስቲ፣ አንቺም ተቀመጪ» አሏቸው። ከዚያ እንደ መራራ መድኃኒት እየመረራቸው ያንን የመምህርቷን ቃል ተናገሩት።

«ሚጣዬ፣ ጓጉንቸሩን እንደምትከፍቺው አውቄያለሁ። ቆይ፣ አታልቅሺ። አልቆጣም... እሺ፣ ትንሽ ተቆጥቻለሁ። ግን ምንም ብትነግሪኝ ስልኩን አልወስድብሽም። ይኸው እናትሽ ምስክር። የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ?»

ልጅቷ አባቷን አየች፣ እናቷን አየች፤ ከዚያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«አንዲት ልጅ ነበረች፣ በስልክ የተዋወቅኳት። እኩያሽ ነኝ አለችኝ፣ ብዙ ጊዜ አወራን። አንተ የምታደርገውን ሁሉ፣ ሣጥኑን እንዴት እንደምከፍተው ሁሉ ነገርኳት። በኋላ ሲደውልልኝ ድምፁን ሰማሁት፤ ሴት አይደለም አባዬ! ትልቅ ሰውዬ ነው። ነገ ከመናኸሪያው ጀርባ ብቻሽን ነይ፣ አለዚያ ለአባትሽ ደውዬ ስልኩን እየሰረቅሽ እንደምታወጪ እነግረዋለሁ አለኝ። ቁጥርህ ሱቁ በር ላይ ተጽፎ የለ?»

«ልትሄጂ ነበር?» አሉ ወደ እሷ ጠጋ ብለው።

«አዎ» ብላ አንገቷን ነቀነቀች።

ጋሽ ጓጉንቸር በዕድሜያቸው ያን ያህል ፈርተው አያውቁም። ያ ሰውዬ ልጃቸውን ሊወስድባቸው የያዘው ማስፈራሪያ ሌላ ምንም አልነበረም፣ የእሳቸው አለማወቅ ብቻ! ይህ ሲገባቸው ነው ድንገት ብድግ ብለው የጮኹት።

«ይደውላ! ምን ሊነግረኝ ነው? ሁሉን ሰምቻለሁ እኮ! ይደውል፣ እኔ ነኝ የምነግረው!»

ልጅቷ እያለቀሰች ሳቀች። እናትየው «ተመስገን፣ ተመስገን» እያሉ አቀፏት። ጋሽ ጓጉንቸርም ሁለቱንም በአንድ ላይ አቀፉና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። እፎይ! የቤቱ አየር ራሱ ቀለለ።

ወዲያው ለመምህርቷ ተደወለ፣ ያውም በዚያው ስልክ። መልእክቶቹን እንዳያጠፏቸው፣ ለሰውየውም እንዳይመልሱለት መከረቻቸው። በማግስቱ ማለዳ አብራቸው ፖሊስ ጣቢያ ሄደች፤ ልጅቷም ያላትን ሁሉ አሳየች። መናኸሪያው ጀርባ ቀጠሮውን ያከበሩት ፖሊሶች ነበሩ፤ ሰውየውም ተያዘ።

ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ተቀምጦ ተነጋገረ። በመኝታ ሰዓት ስልክ ሁሉ ሳሎን ያድራል ተባለ፣ የጋሽ ጓጉንቸርም ጭምር፤ እሳቸው ለማንገራገር ቢሞክሩም ሰሚ አላገኙም። ጥናት ይቀድማል። ፊቱን ላላዩት ሰው የቤት ገመና አይወራም። ቅር የሚል ነገር ሲመጣ ደግሞ ወዲያው ይነገራል፣ በመናገሩም ማንም አይቀጣም። ጋሽ ጓጉንቸር በሁሉም ተስማምተው ሊነሱ ሲሉ ባለቤታቸው «ስኳሩስ?» አሉ። ስኳሩም ተፈታ።

ልጅቷ እንቅልፏን መተኛት ስትጀምር ዓይኗ ጠራ፣ ውጤቷም ቀስ በቀስ አገገመ። ጥቅሙ ለአባትየውም ደረሰ። አዲሶቹን በቁጥር የሚከፈቱ የበር ቁልፎች አልችልም እያሉ ደንበኛ ይመልሱ ነበር፤ ልጅቷ አሠራራቸውን የሚያሳይ ትምህርት ከስልኳ ላይ ፈልጋ አገኘችላቸው። አሁን አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱን ስልክ ያያሉ፣ ጋሽ ጓጉንቸርም «ቆይ፣ ወደ ኋላ መልሺው» ይላሉ። ብረት ሣጥኑ ሱቅ ውስጥ ክፍቱን ተቀምጦ ምስማር ይጠራቀምበታል።

አንድ ቀን እንዲህ ሲያዩ ልጅቷ ቀና አለች።

«አባዬ፣ የስልኬን መክፈቻ ቁጥር ልንገርህ?»

ያ ስኳር እንኳ የሚቆልፍ ሰው፣ ቁልፍ ሁሉ በእጁ ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው፣ ሞረዱን አስቀምጦ አሰበ።

«የለም» አሉ። «እሱስ ባንቺ እጅ ይሁን። ሰው በርሽን ሲደበድብብሽ ግን ጥሪኝ።»

«እጠራሃለሁ» አለች፣ ወደ ሥራቸውም ተመለሱ።