የላስቲኩ ቦት ጫማ

ግቢ እንጂ፣ ምን በር ላይ ያቆምሻል? ጫማሽን አታውልቂ፣ ምንጣፉ እንደሆነ ገመድ ላይ ነው። ልጆች ደህና? ያቺ ትንሿ ጥርስ አወጣች? እሰይ! ተቀመጪ፣ ይሄኛው ወንበር ደርቋል። እማዬ እዚያ ላይ ናት፣ ቀና ብለሽ ሰላም በያት። አልጋዋን ብሎኬት ላይ ከሰቀልንላት ወዲህ ለመውረድ ሰው ትጠራለች። እሱስ ይሁን፣ ሳሏ ነው እንጂ እንቅልፍ የነሳኝ።

ለትናንቱ ጎርፍ ማንን እወቅሳለሁ? ዝናብ ነው። እኔ ደግሞ ሰው ማማት አልወድም። እንዲያውም የሰው ደግ ያየሁት ዘንድሮ ነው... አለ አይደል አንድ ሰው፣ ከኛ ከፍ ብሎ የሚኖር? ስሙ ምን ያደርግልሻል? ባለቤትሽ ሳያውቁት አይቀሩም፣ በአንድ መስታወት ነው የሚላጩት።

አሳቢነቱን ብነግርሽ! ገና ፀሐይ አናት እየበሳች ለእማዬ የላስቲክ ቦት ጫማ ገዝቶ ላከላት። «ክረምቱ ይከብዳል» ብሎ። እኔ ሞኟ መረቅሁት። ውሃው እኛ ቤት እንደሚያድር በምን አወቀ? አዋቂ ነው መቼም... በሳምንቱ ግቢውን ሊሾ አስደረገ። የጣሪያውን አሸንዳ በሙሉ ወደ አንድ ቱቦ ሰበሰበና ቱቦውን በአጥሩ ሥር ወደ... ወደ ባዶው ሜዳ ለቀቀው። ሜዳው ላይ የኛ ቤት ቢገኝ የሱ ጥፋት ነው? ደግሞ ዘንቦ ባደረ ቁጥር በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «ደህና አደራችሁ?» ይለናል። እኛ ከቤት ውሃ እየቀዳን ስናወጣ፣ «ዕቃችሁን ከፍ አድርጉ» ብሎ ምክር ይመርቅልናል። እንዲህ ያለ ጎረቤት ከየት ይገኛል?

እኔም ምክር እሰማለሁ። ግንበኛው ወንድሜ ዛሬ ጠዋት መጥቶ በአጥሩ ሥር ያለችውን ቀዳዳ በሲሚንቶ ደፈናት። ማን እንደበሳት እንጃ... አይጥ ይሆናል። ቅድም በእጄ ነካሁት፣ ድርቅ ብሏል።

ውይ፣ ዳመነ እኮ! ተነሽ የኔ ቆንጆ፣ ሳይመታሽ ድረሽ። ያ አዲሱ ሶፋሽ መሬት ላይ ነው አይደል?... ቆይ ቆይ፣ ይቺን ቦት ጫማ ያዢልኝ። እማዬን ሰፍቷታል። ባለቤትሽ ለዚያ ደግ ሰው ያድርሱልኝ፣ ዛሬ ማታ ሳያስፈልገው አይቀርም።

ከኔ ደግሞ እንዲህ ይበሉልኝ፤ ከላይ የሚወርድልህ በረከት ሁሉ ከደጅህ አይውጣ፣ አንዲት ጠብታ እንኳ ለጎረቤት ሳትተርፍ እዚያው ቤትህን ይሙላልህ።