አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ

ከደብረ ታቦር ወደ እብናት በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንዲት ተማሪና አንድ ሽማግሌ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር።

«ልጄ፣ ስልክሽ ላይ የሚጨቃጨቁት እነማን ናቸው?»

«ጌም ነው አባቴ። ሁለት ጌሞችን አንድ ላይ አዋሕደው የሠሩት ነው። መጀመሪያ እንቆቅልሽ እፈታለሁ፤ ከዚያ ችሎት ገብቼ ጠበቃ እሆናለሁ።»

«የማን ጠበቃ?»

«በሐሰት የተከሰሰች ልጅ። ይሄ ምስክር ስትሰርቅ አየኋት ይላል። እንቆቅልሹን ስፈታው ግን እሱ ከቆመበት ቦታ የተሰረቀው ቤት በር ጭራሽ አይታይም።»

«እና ምን ትይዋለሽ?»

«አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ እለዋለሁ።»

ሽማግሌው ከስልኩ ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«እኔን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

«አንቱን ደግሞ ማን ከሰሰዎት?»

«አልተከሰስሁም፣ ምስክር ነኝ። የወንድሜ ልጅ የጎረቤቱን ድንበር ሲገፋ አየሁ ብዬ ዛሬ ጠዋት ደብረ ታቦር ፍርድ ቤት ቃሌን ሰጠሁ። የነገረኝ ጎረቤቱ ነው እንጂ በዓይኔ አላየሁም። ከልጁ ጋር ተኳርፈን ስለነበር ማመን ቀለለኝ።»

«ተፈረደበት?»

«ለሐሙስ ተቀጥሯል።»

«እንግዲያማ ገና ነው አባቴ።»

«ያንች ምስክር እውነቱን ሲናገር ያስሩታል?»

«ልጅቷ ነፃ ትወጣለች። የእሱን ገና አልደረስኩበትም።»

«ይሁን። ወራጅ አለ በይልኝ።»

«እብናት እኮ አልደረስንም።»

«አውቃለሁ።»

መኪናው ሲነሣ ዞር ብዬ በኋላው መስኮት፣ መንገዱን ተሻግረው ወደ ደብረ ታቦር የሚመለስ መኪና ሲጠብቁ፣ ከዓይኔ እስኪጠፉ ድረስ አየኋቸው።