ወዲያ ማዶ የሚያሳይ መረብ

ነይ አፒዮ፣ ነይ እዚህ ጋ ተቀመጪ ልጄ። ዛሬ ንፋሱ እንቦጩን ወደዚያ ገፍቶት ሐይቁ እንዴት እንዳማረበት አየሽ? ሦስት ቀን ሙሉ ጀልባ መውጫ አጥቶ... ዛሬ የኪሱሙ ሰው ኦመናውን፣ ያችን ትንሽ ዓሣ፣ አሸዋ ላይ አስጥቶ ይኸው ፎቁ ላይ ቢሯችን ድረስ ይሸተናል። መስኮቱን ልዝጋው እንዴ? ተይው ይሁን። ትንሿ ዓሣ ብትሸትም በራሷ ሽታ ነው፤ የሰው ሽታ ተውሳ አልመጣች።

እስቲ ማንዳዚ ውሰጂ፣ ከሻዩ ጋር ይሄዳል። ማን አመጣው? አንድ ደግ ሰው። ስሙን አልጠራም፤ ደግ ሥራ በስውር ሲሆን ነው የሚያምረው። ሰውዬው ደግሞ ደግነቱን እንዴት አድርጎ እንደሚሰውረው! እኔ በበኩሌ ሁለት ዓመት አብሬው ስሠራ አንዱንም አላየሁበት።

ምን ትቆነጥጪኛለሽ? ቀስ ብዬ ላውራ? ያ መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠው እንደሆነ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቷል፣ ሙዚቃ ላይ ነው። ሽቦው አልተሰካም ትያለሽ? እሱ እኮ ሳይሰካም ይሰማል... ተሰጥኦ ነው። ደግሞ ስለሱ መቼ ተነሣ? እኔ የማወራልሽ ቅዳሜ ስለተሸለሙት ትልቅ ሰው ነው። «እሳቸው» ልበል እንጂ። ሠላሳ ዓመት ቢሞላቸው ነው፤ ግን ዋንጫ የያዘን ሰው እንዴት ብዬ አንተ እላለሁ?

አንቺ አዳራሹ ውስጥ አልነበርሽም። «ወንበር ሞልቷል» ብለውሽ ቀረሽ አይደል? እውነታቸውን ነው። አንዱ ላይ ኮታቸው ተቀምጦ ነበር፣ አንዱ ላይ ቦርሳቸው። እኔ ግን ሥዕሉን የሣልኩት ሴትዮ ነኝና ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ አየሁ።

መቼም ሥራው የማን እንደሆነ አገር ያውቃል። ዓሣ አጥማጆቹ «መንገድ ሲወጣ የፈረሰውን የድሮ ዳርቻችንን፣ በዚያ ሁሉ ነገር በብሎኬት በሚገነባበት የኮምፒዩተር ጨዋታ ሥሩልንና ልጆቻችን ይዩት» ብለው ሲመጡ፣ «እችላለሁ» ያሉት ማን ናቸው? እሳቸው። «እችላለሁ» ማለት ቀላል ይመስልሻል? ከዚያ በኋላ የቀረው እኮ... መሥራቱ ብቻ ነበር።

እኔ ሃያ ዓመት በጀልባ ጎን ላይ ስም ስጽፍ የኖርኩ፣ «የመረብ ብሎኬት ሣዪልን» ስትሉኝ ሣልኩ። በክርና በክር መካከል ባዶ ተውኩ፤ መረብ ያለ ባዶው ምን መረብ ነው? ጨዋታው ውስጥ ስታስገቢው ባዶው ሁሉ ጠቁሮ መረቤ የከሰል ጆንያ መሰለ። ሦስት ሳምንት ዓይንሽ እስኪቀላ ድረስ ታገልሽው። እሳቸውስ ሥራ ፈተው ነበር? ለመድረክ የሚሆን ሸሚዝ መምረጥ እኮ ቀልድ አይደለም።

አንድ ቀን ከወንበርሽ ዘለሽ ተነሣሽ። «ማማ ኦቾላ፣ ገባኝ! ጨዋታው ድፍኑን ብሎኬት በአንድ ወረፋ፣ ቀዳዳ ያለውን በሌላ ወረፋ ነው የሚሥለው፤ የኛ መረብ ያለ ወረፋው ተሰልፎ ነው» አልሽኝ። አንድ መስመር ጻፍሽ፤ ጥቁሩ ለቀቀ። ወዲያው ደግሞ ከመረቡ ሥር ያለው አሸዋ ጠፋና እስከ ምድር ሆድ ድረስ ገደል ሆነ! ለካ ድፍን ብሎኬት ጨዋታውን «ከእኔ ኋላ ያለውን አትሣለው፣ ማንም አያየውም» ይለዋል። አንቺ ተገርመሽ ስትነግሪኝ እኔ ለምን እንዳልገረመኝ ታውቂያለሽ? እንዲህ ያለ ድፍን መች ጠፋና... ብሎኬቱን ነው የምልሽ። «ድፍን አይደለህም» የሚል ሁለተኛ መስመር ጨመርሽለት፣ አሸዋው ተመለሰ። ብሎኬት ጥሩ ነው፤ በአንድ መስመር ይገባዋል።

ከሁለቱ መስመሮች በላይ «አፒዮ ሠራችው» ብለሽ ጻፍሽ። እኔ የሰው ስም አላጠፋም፤ ስም ማጥፋት ነውር ነው ብላ ነው እናቴ ያሳደገችኝ። አንዳንዱ ግን በአንድ ጣቱ ያጠፋዋል። እሳቸው እንኳ በክፋት አይደለም፣ ፋይሉ እንዳይዝረከረክ ብለው ነው። እጃቸው ሰፊ ስለሆነ ግን ስምሽን ሲያነሱ ከሥሩ ያሉትን ሁለቱን መስመሮች አብረው አነሱ። ምን ያድርጉ? ሰው የማያውቀውን ነገር ከቆሻሻ እንዴት ይለየው?

እና ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሏል። ትልቁ ስክሪን በራ። በየጀልባው ላይ ጥቁር ግድግዳ፤ ከግድግዳው ሥር ወለል የሌለው ጉድጓድ። አባባ ኦውዳ፣ እኚያ ባለ ምርኩዙ ሽማግሌ፣ ተነሡና «ልጄ፣ ይኼ መረብ ነው በር? ውኃው በየት ይለፍ?» አሉ። እሳቸው ምን ቢመልሱ ጥሩ ነው? «አባባ፣ ጥልቀት ያለው አሣሣል ነው» አሉ። ሽማግሌው ዝቅ ብለው አዩና «ጥልቀቱንስ አየሁት፤ መሬት የለውም» አይሉ መሰለሽ! አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም... መጋረጃውን ነክሼ ነበር።

«ውኃ ልጠጣ» ብለው ወደ እኔ ወደ መጋረጃው ኋላ መጡ። ውኃው ስልክ ሆነ። «አፒዮዬ! እህቴ! ዓይኔ!» ይኼን ሁሉ ስም በሁለት ዓመት ጠርተውሽ ያውቃሉ? እኔማ ለካ ያን አንዱን ስምሽን ያጠፉት ሌላው በዝቶባቸው ነው አልኩ። አንቺ የዋህ ሁለቱን መስመሮች ፊደል በፊደል ነገርሻቸው። «መዝጊያ ቅንፉ የትኛው ነው?» ሲሉሽ እንኳ አልሳቅሽም። አስተዳደግሽ ነው።

ተመልሰው ሲከፍቱት... አፒዮ፣ እዚህ ላይ አልቀልድም። መረቡ ወዲያ ማዶ አሳየ። በመረቡ ውስጥ ጀልባዎቹ፣ አሸዋው፣ የፈረሰው ጎጆ ሁሉ፣ ከኋላቸው ሐይቁ። ሽማግሌዎቹ «ያቻትና የኔ ቤት!» እየተባባሉ አለቀሱ። አባባ ኦውዳ ምርኩዛቸው ወድቆባቸው አላነሡትም። ያን ሁሉ ሰው ያስለቀስሽው አን... ይቅርታ፣ ያስለቀሱት እሳቸው ናቸው። «እንዴት በዚህ ፍጥነት አስተካከልከው?» ሲሏቸው «ብቻዬን ሆኜ ትንሽ ሳስብ መጣልኝ» አሉ። ብቻቸውን! እኔ አጠገባቸው ቆሜ፣ አንቺ ጆሯቸው ውስጥ ሆነሽ! ድሮስ ድፍን ነገር ከኋላው ያለው መች ይታይና?

አንድ እጅ አያጨበጭብም ይባላል፤ ዋንጫ ለመቀበል ግን ለካ አንድ እጅ ይበቃል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚሉትም ጥምጣም ያላማረባቸው ቀናተኞች ናቸው፤ እሳቸው ላይ እንዴት ያምራል! አንቺ ደግሞ ይኸው እስከ ዛሬ ዝም። ዝምታ ወርቅ ነው አሉሽ አይደል? ወርቁን ማን ዋንጫ አድርጎ እንዳነሣው ግን አየነው።

እና ዛሬ ጠዋት ዋንጫውን ከሰጧቸው ዳኞች ደብዳቤ መጣላቸው። ሐሙስ ናይሮቢ ሄደው፣ ዳኞቹ ፊት ተቀምጠው፣ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ የመስታወት ብሎኬት ከባዶ ይሠራሉ። ስልክ በር ላይ ይቀራል። ዳኞቹን ማን እንዲህ ያለ ነገር አሳሰባቸው? እኔ ምን አውቄ! አባባ ኦውዳ ቅዳሜ ከአዳራሹ ሲወጡ «ልጄ፣ ከመጋረጃው ኋላ ምን ይባል ነበር?» ብለው ጠየቁኝ፤ ሽማግሌ ሲጠይቅ መዋሸት ደግሞ አይሆንልኝም። ሽማግሌ ወሬ ይዞ አያድር...

ማንዳዚው ከማን እንደሆነ አሁን ገባሽ? «ማማ ኦቾላ፣ አፒዮን ለምኚልኝ፤ እስከ ሐሙስ ነገሩን ታስታውሰኝ» ብለው ነው የላኩኝ። ታስታውሰኝ! ሰው ያላወቀውን ሲረሳ አይተሽ ታውቂያለሽ? ይኸው መልእክቱን አደረስኩ። ከማንዳዚውም አንዱን በልቻለሁ፤ ሁለተኛው አልወርድ አለኝ።

ቆይ፣ መልስ ከመስጠትሽ በፊት ይኼን ተቀበዪ። ሁለተኛ ፖስታ ነው፣ በጓሮ በር አባባ ኦውዳ ራሳቸው አመጡት። ዳኞቹ የጻፉት ላንቺ ነው። ያው ሐሙስ፣ ያው አዳራሽ፣ ጠረጴዛው ግን ለየብቻ። ስምሽን አየሽው? ሙሉውን ነው የጻፉት፣ ከነአባትሽ። ለመሰረዝ እንኳ ጊዜ ይወስዳል።

ኮምፒዩተርሽን ቦርሳ ውስጥ የከተትሽው መሄድሽ ነው? እሰይ። አስታውሺያቸው ለተባልሽው መልሱ ይኼ ከሆነ እኔ ለማን ብዬ አስተረጉማለሁ? የሰማ ሰምቷል። ይኸው ያ የመስኮቱ ሰው ማዳመጫውን አወለቀ። ሙዚቃው አልቆበት ይሆናል...

ከመሄድሽ በፊት ግን ቂም ይዘን አንለያይ። እሳቸውን እንመርቃቸው፤ እጅሽን ዘርጊ። እግዚአብሔር ሐሙስን በሰላም ያድርሳቸው። ዳኞቹ ፊት ሞገስ ይስጣቸው። የልፋታቸውን ዋጋ አያስቀርባቸው፤ በገዛ ራሳቸው ያሰቡትን ያህል፣ በገዛ እጃቸው የሠሩትን ያህል፣ ቅንጣት ሳያጎድል፣ ቅንጣት ሳይጨምር ይክፈላቸው!

ምነው... በመስኮቱ በኩል አሜን የሚል ጠፋ?