ዝም ያልኩባቸው አምስት ሳምንታት

የተከበራችሁ የወንድማችን ቤተሰቦች፣ አንቺ ሚስቱ፣ አንቺ ልጁ፣ በዙሪያዬ የቆማችሁ ባልደረቦችና ጎረቤቶች፤ ከመሸኘታችን በፊት ጥቂት ልናገር። ወረቀት አልያዝኩም። ብይዝም ማንበብ የምችል አይመስለኝም።

እኔና እሱ አሥራ ስድስት ዓመት አብረን ሊፍት ጠግነናል። እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች። ሊፍቱ በሚወጣበትና በሚወርድበት ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ድምፁን እየሰማሁ ነው ያረጀሁት። ሃያኛ ፎቅ ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀልድ ሰው ነበር። የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ውሃ። ልጅ ሆኖ ታላቅ ወንድሙ ዓይኑ እያየ ሐይቅ ውስጥ ሰጥሞ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ሙሉ ከጉልበቱ በላይ ውሃ አልነካውም።

ታዲያ ውሃ ውስጥ ምን አስገባው? ይቺ ልጁ ናት። ዋና ልማር ስትለው ከለከላት። "አባዬ፣ የምትፈራው ለኔ ነው ወይስ ለራስህ?" አለችው። በማግስቱ የመሣሪያ ሣጥኑን እንኳ ሳይከፍት የሥራ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጠፈ። ሦስት ትራያትሎን፣ በየወሩ አንድ፤ መዝጊያው ማራቶን። ትራያትሎን ማለት በአንድ ቀን መዋኘት፣ ብስክሌት መጋለብ፣ መሮጥ ነው። በአርባ ሰባት ዓመቱ። ከስሙ ሥር የኔንም ስም ጽፎታል፤ የጠየቀኝ የለም። እኛም "ዋናተኛው" ብለን ሳቅንበት፤ ስሙ በዚያው ጸና።

ከልጁ ጋር ዋና ተምሮ የገባበትን የመጀመሪያውን ውድድር ታስታውሳላችሁ? ብዙዎቻችሁ ዳር ቆማችሁ ነበር። ሁለት መቶ ሜትር እንደዋኘ ቀጥ አለ። የነፍስ አድኖቹን ጀልባ ጠርዝ ሙጭጭ አድርጎ ያዘ። እኔም ዋኝቼ ደረስኩበትና እንውጣ አልኩት። ዓይኑ እኔን አያይም ነበር። ያን ቀን እውነተኛ ፍርሃት አየሁ። ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከጀልባው አላቀቀ። ሌላው ሰው ብስክሌቱን ጭኖ ሲሄድ እሱ ገና እየሮጠ ገባ። ከሁሉም መጨረሻ። እናንተም ጠብቃችሁ አጨበጨባችሁ።

ሁለተኛውን ግን አታውቁትም። እሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ብስክሌቱን አስቀምጦ ሩጫ ሲጀምር ደረቱን ያዘ። አጥር ተደግፎ ቁጭ አለ። ግንባሩን ዳሰስኩት፤ ላቡ ቀዝቃዛ ነበር። ሐኪም ዘንድ እንሂድ አልኩት።

"ከማራቶኑ በኋላ። ለሚስቴ እንዳትነግራት፣ ታስቀረኛለች።"

እሺ አልኩ።

ለምን እሺ አልኩ? ስለምወደው ነው ብል እዋሻችኋለሁ። ይቆጣኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞም በዕድሜዬ ሰው ያጨበጨበልኝ በዚያ ወረቀት ምክንያት ነው፤ እንዳይቀርብኝ ፈራሁ። ሦስተኛውን ውድድር ደህና አድርጎ ጨረሰና "አየህ?" አለኝ። ማመን ስለቀለለኝ አመንኩት። ከሁለተኛው ውድድር ጀምሮ አምስት ሳምንት ዝም አልኩ።

ከትናንት በስቲያ ጠዋት ለማራቶኑ ስንለማመድ፣ ሃያ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ወደቀ። ደረቅ መንገድ ላይ። ውሃው አልወሰደውም። ስለ ልጁ እያወራኝ ነበር፤ ወሬውን አልጨረሰውም። አምቡላንሱ እስኪመጣ ደረቱን እየተጫንኩ ቆጠርኩ። እጄ እስኪዝል ቆጠርኩ።

ትናንት ለሚስቱ ሁሉንም ነገርኳት። ትመታኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን፣ "ነገ ሰው ፊት ቆመህ ድገመው። ባሏን ደረቱን የሚያምባት ሌላ ሴትም ትኖራለች" አለችኝ።

ይኸው ደገምኩት። እዚህ መሃል ደረቱን ይዞ "ያልፋል" የሚል አለ? ይህን አውቆ ዝም ያለለት ወዳጅ አለ? ዛሬውኑ ተናገሩ። ይቆጣችሁ። የተቆጣ ሰው ይታረቃል።

ወንድሜ፣ አንተ ከወደቅክ ወዲህ ደረጃ ስወጣ የልቤን ምት እቆጥራለሁ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳ እደገፋለሁ። ሚስትህ ይህን ስትሰማ በሐዘኗ መሃል ስልክ አንስታ ለነገ ጠዋት የሐኪም ቀጠሮ ያዘችልኝ። ራሷ ልትወስደኝ ነው። እኔ አንተን ሳልወስድህ የቀረሁበት ቦታ።

እፈራለሁ። እሄዳለሁ።

ደህና ሁን፣ ወንድሜ።