ጉብታ ያልከው ተራራ

(ማለዳ፣ ክብ ኮረብታ አናት ላይ ካለች ቤት ደጃፍ። ሚስቱ የሞተችበት አያ ዳምጤ ጋቢውን ተከናንቦ መደቡ ላይ ተቀምጧል፤ ከግርጌው መንደር የምትኖረው፣ ባሏ የሞተባት አመለወርቅ ወንፊት ይዛ እያለከለከች ትደርሳለች።)

አመለወርቅ፦ ይኸን ነው ጉብታ የምትለው፣ አያ ዳምጤ? ጉብታ አይደለም፣ ኮረብታም አይደለም። ተራራ ነው።

ዳምጤ፦ አረፍ በይና ተናገሪ። አንቺ ደርሰሻል፣ ትንፋሽሽ ገና መንገድ ላይ ነው።

አመለወርቅ፦ አንተ እኮ ስሙን እንደ ጠሪው ነው የምትለዋውጠው። ቀበሌ ለመንገድ ሥራ ሲጠራህ «ተራራ ላይ የምኖር ሽማግሌ ነኝ» ትላለህ። ሠርግ ሲጠሩህ ኮረብታ ይሆናል። እኔን «ነይ ላግባሽ» ስትለኝ ጊዜ ጉብታ።

ዳምጤ፦ ላንቺ ብዬ ነው ዝቅ ያደረግሁት። በአንድ ቃል ግማሹን ዳገት ቀነስኩልሽ።

አመለወርቅ፦ ጉልበቴ አልሰማህም። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ያሉት ለኔ ነው።

ዳምጤ፦ ገደሉ የታለ? ዙሪያውን ብትዞሪው አንድም ገደል የለበትም። ይልቅ ስንት ጊዜ «ውጪና ቤቱን እዪው» ስልሽ ጉልበቴን ስትይ ከርመሽ፣ ዛሬ ምን እግር ጣለሽ?

አመለወርቅ፦ ወንፊትህን ልመልስ ነው።

ዳምጤ፦ የኔን ወንፊት?

አመለወርቅ፦ ያንተን። የተዋሱትን መመለስ ደግ ነው።

ዳምጤ፦ አመሌ፣ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እዚህ ቤት ዱቄት ተነፍቶ አያውቅም። እንጀራ የእህቴ ልጅ ናት ጋግራ የምትልክልኝ። ወንፊት ከየት አምጥቼ አዋስሻለሁ?

አመለወርቅ፦ እንግዲያው የሌላ ሰው ይሆናል። ሰው አይሳሳትም?

ዳምጤ፦ ይሳሳታል። ግን ሜዳ ላይ ነው። ለመሳሳት ብሎ ይኸን ሁሉ ዳገት የወጣ ሰው አላየሁም።

አመለወርቅ፦ አፍህስ ደህና ነው። ፊትህ ግን ገርጥቷል።

ዳምጤ፦ ጉንፋን ነው፣ ሰሞኑን አልጋ ላይ ጥሎኝ ነበር። ማን ነገረሽ?

አመለወርቅ፦ ማን ይነግረኛል? ጠዋት ጠዋት እዚያ አናቱ ላይ ቆሞ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ሰውዬ ሲጠፋ ጊዜ ነዋ።

ዳምጤ፦ ታዪኛለሽ እንዴ?

አመለወርቅ፦ ምን ላድርግ? እንደ ማዶው አምባ ጫፉ ሜዳ ቢሆን ኖሮ መሀሉ ላይ ብትቆም ማንም አያይህም ነበር። ይኸ ግን እንደ ድፎ ዳቦ ጉብ ያለ ነው። አናቱ ላይ ዶሮ እንኳ ብትቆም ከደጄ ትታያለች።

ዳምጤ፦ ዓይንን ማዞርም አለ።

አመለወርቅ፦ ሞክሬያለሁ። ላሜን አልቤ ስነሳ ቀና እላለሁ፣ እንጨት ስፈልጥ ቀና እላለሁ። ትናንት የለህም፣ ዛሬም የለህም። ብቻውን ሞቶ እንደሆነስ አልኩ። ፈራሁ፣ አያ ዳምጤ።

ዳምጤ፦ እኔ እኮ ሰማይ አይደለም የማየው።

አመለወርቅ፦ ታዲያ ምንድን ነው?

ዳምጤ፦ ያንቺን ቤት ጭስ። ጭሱን ሳይ «ተነሥታለች» ብዬ እገባለሁ።

አመለወርቅ፦ እኔ ደግሞ ዝናብ ናፍቆት ነው እል ነበር።

ዳምጤ፦ ተራራና ተራራ ባይገናኝ ሰውና ሰው ይገናኛል። እኛ ላይና ታች ሆነን ስንተያይ ዕድሜያችን ማለቁ ነው። አንቺ ካልወጣሽ እኔ ልውረድ፣ ቤቱን ለእህቴ ልጅ እተውላታለሁ።

አመለወርቅ፦ ወርደህስ? ቀና ባልኩ ቁጥር ባዶውን ላየው ነው?

ዳምጤ፦ ብወርድ ጥፋት፣ ብቀመጥ ጥፋት። ምን ይሻለኛል?

አመለወርቅ፦ ገብተህ ተኛ፣ አጥሚት ላፍላልህ። ዱቄት አለ?

ዳምጤ፦ አለ፤ ግን አልተነፋም።

አመለወርቅ፦ ወንፊት ይዣለሁ።

ዳምጤ፦ የሌላ ሰው ነው አላልሽም?

አመለወርቅ፦ የኔ ነው። ይዤውም ከዚች ጉብታ አልወርድም፤ የት ልስቀለው?