የላይኛው መደብ ገብስ

በወገራ፣ በአንዲት የቤተ እስራኤል መንደር ወንዝ ዳር፣ በመጋቢት ማለቂያ ከሰዓት በኋላ፤ የመንደሩ ቄስ ይርዳውና የፋሲካውን ገብስ የምትጠብቀው ትርፌ፣ ልጆቻቸውን ያጋቡ ሁለት አዛውንት፣ ከመስኖ ቦይ ወዲህና ወዲያ ቆመው ይከራከራሉ።

ቄስ ይርዳው፦ አንዲት ቃል ናት እኮ፣ ትርፌ። «አልደረሰም» በይና እንገላገል።

ትርፌ፦ ለእርስዎ አንዲት ቃል ናት። ለሕዝቡ አንድ ወር ናት።

ቄስ ይርዳው፦ ዓይንሽ እያየ? ይኼ አረንጓዴ አይደለም?

ትርፌ፦ የላይኛው መደብ አረንጓዴ ነው፤ መቼ ካድኩ። ኧረ ቄስ፣ ቦዩን አይሻገሩ። እዚያው ይቁሙ።

ቄስ ይርዳው፦ ምነው፣ ተጣላን እንዴ?

ትርፌ፦ አልተጣላንም። እዚያው ሆነው ይስሙኝ ብዬ ነው።

ቄስ ይርዳው፦ ፊትሽ ግን የተጣላ ሰው ፊት ነው። ስንዱስ እንዴት አደረች? ሁለት ቀን ሆነኝ ልጄን ካየኋት።

ትርፌ፦ የገብሱን እንጨርስና የስንዱን እናወራለን።

ቄስ ይርዳው፦ እሺ፣ እንጨርሰው። ሕዝቡ ጸሎት ቤቱ ደጅ ተሰብስቦ እኔን ይጠብቃል። ዛሬ ማታ አዲስ ጨረቃ ትወጣለች። ገብሱ ደርሷል ካልን የፋሲካ ጨረቃ እሷው ናት፤ በዐሥራ አራተኛው ቀን በጉ ይታረዳል። አልደረሰም ካልን ዓመቱ አንድ ወር ይጨመርለታል፤ ፋሲካም ወደሚቀጥለው ጨረቃ ያልፋል። ኦሪት «የአቢብን ወር ጠብቅ» ብሏል። አቢብ ደግሞ እሸት ነው። ያልደረሰ ገብስ ይዤ እግዜር ፊት አልቆምም።

ትርፌ፦ ይህን ለእኔ ነው የሚነግሩኝ? ይህን መደብ አያቴ ጠብቃዋለች፣ እናቴ ጠብቃዋለች። እኔ ቦይ ስጠርግ ነው ጥርሴን የነቀልኩት። ደርሷል ስል ደርሷል ያላችሁ፣ ጨምሩ ስል የጨመራችሁ፣ አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልተጠራጠራችሁኝም።

ቄስ ይርዳው፦ አሁንስ ማን ተጠራጠረሽ? ጨምሩ በይን ነው የምልሽ።

ትርፌ፦ ወደ ሱዳን የሚወስደን መንገድ መሪውስ?

ቄስ ይርዳው፦ ይጠብቃላ።

ትርፌ፦ ሰውየው ሊጠብቅ ይችላል። ወንዙ ግን አይጠብቅም። ፋሲካን በአገራችን በልተን፣ በማግሥቱ ወደ ሱዳን እንወጣለን ብለን የማልነው በእርስዎ ፊት ነው። ዘጠና ሰው ስንቁን ቋጥሮ፣ በሩን እያየ ተቀምጧል። አንድ ወር ከጨመሩ ከዚህ ስንነሳ ግንቦት ያልቃል፤ አንገረብ ስንደርስ ሰኔ ነው። ያኔ አንገረብን ማን ይሻገረዋል?

ቄስ ይርዳው፦ ወንዝ በየዓመቱ እኩል አይሞላም።

ትርፌ፦ አምና በሰኔ የሄዱትም እንዲሁ ብለው ነበር።

ቄስ ይርዳው፦ እነሱን አታንሺብኝ።

ትርፌ፦ እሺ፣ አላነሳም።

ቄስ ይርዳው፦ ይልቅ ዓይንሽን ወዲህ አድርጊ። ይኸው ዛላውን ይዣለሁ። በጥፍሬ ጫን ሳደርገው ምን ወጣ? ወተት። ወተት የያዘ ገብስ ደርሷል የሚል ሰው አለ?

ትርፌ፦ የለም። ያ ዛላ አልደረሰም።

ቄስ ይርዳው፦ ተመስገን። አለቀ በቃ።

ትርፌ፦ አሁን ደግሞ ወደ ታችኛው መደብ ይውረዱ።

ቄስ ይርዳው፦ የታችኛው ምን ያደርግልኛል?

ትርፌ፦ በአንድ ቀን የተዘሩ፣ ከአንድ ጎተራ የወጡ ናቸው። ይውረዱና በጥፍርዎ ይጫኑት። ካሻዎም እሳት ላይ ጣል አድርገው ይሹት። ወተት የሚባል የለውም፤ ዱቄት ነው የሚሰጥዎ።

ቄስ ይርዳው፦ እጅሽን ከኩታሽ አውጪና አንቺው ቆርጠሽ አምጪልኝ። ጉልበቴ ቁልቁለት አይወድም።

ትርፌ፦ አላመጣም። ራስዎ ይቁረጡ።

ቄስ ይርዳው፦ ዛሬ ምን ሆነሻል? በየዓመቱ የመጀመሪያዋን ዛላ መዳፌ ላይ የምታኖሪልኝ አንቺ ነሽ።

ትርፌ፦ ዘንድሮ አላኖርም። ደግሞ ጉልበትዎ ቁልቁለት ካልወደደ፣ ቦይ ለመክፈት እንዴት ወረደ?

ቄስ ይርዳው፦ ምን አልሽ?

ትርፌ፦ የሰሙትን ነው።

ቄስ ይርዳው፦ ቦይ ጠባቂዋ አንቺ፣ ውኃ የምትመሪው አንቺ። የላይኛው መደብ ረጥቦ ከሆነ እጅሽ ነው። ጥፋትሽን በእኔ አታላክኪ።

ትርፌ፦ ገብስ ፍሬ ሲቋጥር ውኃ ይከለከላል። ካልተከለከለ አረንጓዴውን ይዞ ይከርማል፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ቦዩን በድንጋይና በጭቃ ከደፈንኩት ዛሬ ዐሥራ ሦስት ቀኔ ነው። ጠዋት ስመጣ ድንጋዩ ተነስቶ አገኘዋለሁ። እደፍነዋለሁ፤ በማግሥቱ ደግሞ ተከፍቷል። ታችኛው በሌላ ቦይ ስለሚጠጣ ይህ ውኃ አይደርሰውም፤ እሱ ብቻ እንደ እግዜር ፈቃድ ደረሰ።

ቄስ ይርዳው፦ ከብት ረግጦት ይሆናል።

ትርፌ፦ ከብት ድንጋይ አንስቶ ዳር ላይ ይደረድራል?

ቄስ ይርዳው፦ እንግዲያ ጎረቤቶቻችን ናቸው። አማሮቹ ለሽንኩርታቸው ውኃ ሲሻሙ ነው።

ትርፌ፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ። ሽንኩርቱ ከወንዙ ማዶ ነው፣ ቄስ። ይልቅ ከቦዩ አፍ ጭቃው ላይ ያየሁትን ልንገርዎ። የሰው ዳና አለ፤ ከዳናው ጎን ደግሞ የምርኩዝ ቀዳዳ። ቀዳዳው አራት ማዕዘን ነው።

ቄስ ይርዳው፦ ምርኩዝ የያዘ ሁሉ...

ትርፌ፦ አራት ማዕዘን ብረት ያለው ምርኩዝ በዚህ መንደር አንድ ነው። ብረቱን የቀጠቀጠው ባሌ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። የቄስ ምርኩዝ ከሩቅ ይታወቅ ብሎ ነው እንዲያ ያበጀው። ያን ጊዜ ወናፍ ያናፋሁለት እኔ ነኝ። አሁንም ተደግፈውት ቆመዋል።

ቄስ ይርዳው፦ ለማን ነገርሽ?

ትርፌ፦ ለማንም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬ ዝም አልኩ። እርስዎ ራስዎ ይነግሩኛል ብዬ ስጠብቅ ይኸው ዐሥራ ሦስት ቀን ሆነኝ።

ቄስ ይርዳው፦ በአፌ መዋሸት አቃተኝ፣ ትርፌ። «ዓመቱ ይጨመር» ብዬ ከመሬት ተነስቼ ማለት አቃተኝ። ገብሱ ራሱ ቢልልኝ ብዬ ነው። አረንጓዴ ነው ስል እውነት ልናገር ብዬ ነው ውኃ የለቀቅሁበት።

ትርፌ፦ ውሸቱን ገብሱ እንዲናገርልዎ።

ቄስ ይርዳው፦ ስድቡ ይገባኛል። ግን ስንዱ ያንቺም ምራት ናት። ዘጠነኛ ወሯ ነው፤ ዛሬ ነገ ትወልዳለች። አሁን ፋሲካ ከሆነ፣ ሰባቱ የቂጣ ቀን ሲያልቅ፣ በሃያ ሁለት ቀን ውስጥ እንወጣለን። እሷ አራስ ጎጆ ትሆናለች። የወንድ አራስ አርባ ቀን፣ የሴት አራስ ሰማንያ ቀን ከሰው አትቀላቀልም። ማን ይሸከማታል? ማንስ ይጠጋታል? ትቼያት ልሂድ?

ትርፌ፦ አንድ ወር ቢጨመርስ?

ቄስ ይርዳው፦ አንድ ወር ቢጨመር አርባዋ ይሞላል። ወንዝ ወርዳ ታጥባ፣ ፋሲካዋን ከእኛ ጋር በልታ፣ ልጇን አዝላ ትወጣለች። ቀድሞን የሄደው ልጅሽ ቸኮልም ሱዳን ገዳሪፍ ላይ ሚስቱንም ልጁንም ያገኛል። ለአንቺም አስቤ ነው እኮ።

ትርፌ፦ አርባው የሚሞላው ወንድ ከሆነ ነው።

ቄስ ይርዳው፦ ወንድ ነው። ሆዷ ወደ ፊት ሾሏል፤ ሴቶቹ ሁሉ ወንድ ነው እያሉ ነው።

ትርፌ፦ በሆድ ቅርጽ ዓመት ሲቆጠር ገና ማየቴ ነው።

ቄስ ይርዳው፦ አትቀልጂብኝ። ታላቅ እህቷን አምና ሸኘኋት። ስድስት ወሯ ነበር፤ በርቺ ብዬ ሸኘኋት። በድንጋይ ሸፍነዋት አለፉ። የት እንደሆነ እንኳ የሚያሳየኝ ሰው የለም። ሁለተኛዋን ደግሞ በእጄ አልሰጥም። ልቤ እምቢ አለ።

ትርፌ፦ ታላቅየዋ ለምን እንደሞተች ያውቃሉ?

ቄስ ይርዳው፦ ነፍሰ ጡር ሆና ስለተጓዘች ነው።

ትርፌ፦ አይደለም። ወንዙ ሞልቶ ዳሩ ላይ ዐሥራ አንድ ቀን ስለተቀመጡ ነው። ስንቅ አለቀ፣ ወባ ገባ። ከተመለሱት ሁለት ሰዎች አፍ የሰማሁት ነው። እርስዎ ጎጆዎን ዘግተው ሲያለቅሱ ነበር፤ እኔ ነኝ ቁጭ ብዬ ያዳመጥኳቸው። በሰኔ ስለሄዱ ነው የሞተችው፣ ቄስ። ዘጠናውን ሰው በዚያው በሰኔ ሊወስዱት ነው።

ቄስ ይርዳው፦ ይህን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም።

ትርፌ፦ ሐዘንተኛን በምን አፌ? ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል።

ቄስ ይርዳው፦ ዐሥራ አንድ ቀን።

ትርፌ፦ ዐሥራ አንድ ቀን።

ቄስ ይርዳው፦ ዘንድሮ እንዲያ ላይሆን ይችላል። ዝናቡ ሊዘገይ ይችላል። አንዳንድ ዓመት እስከ ሰኔ አጋማሽ...

ትርፌ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ቄስ ይርዳው፦ አባት ብትሆኚ ታውቂው ነበር።

ትርፌ፦ እናት ነኝ። ቸኮልን ካየሁት ስድስት ወር ሆነኝ። ገዳሪፍ ድንኳን ውስጥ ሆኖ ከዚህ በሄደ ሰው ሁሉ ፊት ላይ እኔን እንደሚፈልግ ይልኩብኛል። ፋሲካው ነገ ቢሆንልኝ ከማንም በላይ የምሮጠው እኔ ነበርኩ።

ቄስ ይርዳው፦ እንግዲያ አንድ ነገር ልለምንሽ። እንደ ቄስ አይደለም፤ እንደ ጋብቻ ዘመድ። ውሸት ተናገሪ አልልሽም። እኔ ሕዝቡ ፊት ቆሜ የላይኛውን ዛላ አሳያለሁ። አንቺ ዝም በይ። ዝም ማለት ኃጢአት የለውም።

ትርፌ፦ ዝም ብል፣ ማታ እንቅልፍ ይወስድዎታል?

ቄስ ይርዳው፦ አይወስደኝም። አሁንም አይወስደኝም። ይሁን፤ ዕዳውን እኔ ልሸከመው።

ትርፌ፦ አንገረብ የሚወስደውንም እርስዎ ይሸከሙታል?

ቄስ ይርዳው፦ ትርፌ፣ ለምኜሻለሁ። በዚህ ሽበቴ ለምኜሻለሁ።

ትርፌ፦ ቄስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከመጡ ጀምሮ ቦዩን አይሻገሩ አልኩዎ። ዛላ ቆርጠሽ ስጪኝ ሲሉኝ እምቢ አልኩ። እጄን ከኩታዬ አላወጣሁም፣ ገብሱንም ዛሬ አልነካሁትም። ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቁኝም።

ቄስ ይርዳው፦ የቦዩን ነገር ስላወቅሽ ተቆጥተሽ መስሎኛል።

ትርፌ፦ በቁጣ ብቻ ነው ሴት ከቄስ የምትርቀው?

ቄስ ይርዳው፦ አራስ የነካች ሴትም... ትርፌ።

ትርፌ፦ አዎን።

ቄስ ይርዳው፦ መቼ?

ትርፌ፦ ጎህ ሲቀድ። ምጡ ሌሊቱን ሙሉ ነበር። እትብቱን በእነዚህ እጆቼ ቆርጬ አሰርኩ። ስንዱ ደህና ናት፤ ትኩስ አጥሚት ጠጥታ ተኝታለች። «አባቴ እንዳይደነግጥ ቀስ ብለሽ ንገሪው» ብላኛለች።

ቄስ ይርዳው፦ እና እስካሁን አቁመሽ ታከራክሪኛለሽ?

ትርፌ፦ ቀድሜ ብነግርዎ በወሬው ይፈርዱ ነበር። ገብሱን አይተው እንዲፈርዱ ነው የፈለግሁት። በራስዎ እንዲመለሱ ጠበቅሁዎ፤ አልተመለሱም።

ቄስ ይርዳው፦ ተወለደ። ከዛሬ አርባ ብንቆጥር... ዛሬን ጨምረን... ይሞላል እኮ፣ ትርፌ። ወር ከተጨመረ ፋሲካው ከመድረሱ በፊት ይሞላል። እግዜር ራሱ እሺ አለኝ ማለት ነው። ወንድ ነው አይደል?

ትርፌ፦ ወደ ታችኛው መደብ ይውረዱ፣ ቄስ። ከደረሰው አንድ ዛላ በእጅዎ ነጭተው ለሕዝቡ ያሳዩ።

ቄስ ይርዳው፦ ወንድ ነው ወይ ነው የምልሽ?

ትርፌ፦ ገዳሪፍ ሲደርሱ ቸኮልን ይፈልጉልኝ። ሴት ልጅ ተወልዳልሃለች፣ እናትህም ከሚስትህ ጋር ሰማንያውን ልትቆጥር ቀርታለች ይበሉት።