ከፀሐይ የሚረጨው ብናኝ

ከመቱ ወደ ያዮ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ አንዲት እናትና አንድ ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህር ያወራሉ።

«ምንድን ነው የምታጠናው፣ ልጄ?»

«ፀሐይ አንዳንዴ ስትፈነዳ የምትረጨውን ብናኝ ነው፣ እትዬ። በዓይን አይታይም፤ ሰውነትን ግን ሰንጥቆ ያልፋል።»

«ያ ረቢ! እኛንም?»

«እኛን አየሩ ይከልለናል። የሚያሰጋው በጣም ከፍ ብሎ ወደ ሰሜን ዋልታ ተጠግቶ ለሚበር ሰው ነው።»

«ልጄ እኮ የአውሮፕላን አስተናጋጅ ናት!»

«አይስጉ፤ ፀሐይ ስትቆጣ አብራሪዎቹ ዝቅ ብለው ይበራሉ።»

«እርጉዝ ናት።»





«ለአለቆቿ ነግራለች?»

«ከበረራ ያወርዱኛል ብላ ደብቃለች። እኔው ነኝ ደብቂ ያልኳት።»

«አሁኑኑ ይደውሉላት፣ እትዬ፤ ብናኙ ለጽንስ ያሰጋል።»

«ስልኳ ዝግ ነው... ዛሬ በረራ ላይ ናት።»

እኔ ፀሐይ የምትገባበትን መስኮት ልከፍት የዘረጋሁትን እጄን መልሼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።